ስልካችንን ያደመጠው ማነው?

ከነፋስ መውጫ፣ ከወገዳ ወይም ከእስቴ ስንደውል ድምፃችን በቻይና እቃ ላይ ያልፋል። በ2006 ዜድቲኢ ከቴሌ ጋር በ1.5 ቢሊዮን ዶላር ተዋውሎ አገር አቀፉን ኔትወርክ ዘረጋ። በ2013 ደግሞ የ1.6 ቢሊዮኑን ማስፋፊያ ከሁዋዌ ጋር ተካፈለው። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ የአዋጆቹ ቁጥር ብቻ በኛ።) ገጠሩ ሞባይል ያየው በዚህ ነው፤ መካድ አይገባም።

ሂውማን ራይትስ ዎች በ2014 ባወጣው ሪፖርት የዜድቲኢ ሲስተም መንግሥት የደንበኞችን መረጃ እንዲያይና ንግግር እንዲቀዳ እንዳስቻለው ጻፈ። ምዕራባውያን ይህን ይዘው «የቻይና ስለላ» ይላሉ። ቻይናን ንጹህ ናት የሚል የለም፤ በሺንጂያንግ በኡይጉር ወንድሞቻችን ላይ የምታደርገውን እናውቃለን። ነገር ግን እዚያው ሪፖርት ላይ የእንግሊዝና የጀርመኑ ፊንፊሸር፣ የጣሊያኑ ሃኪንግ ቲምም ተጠቅሰዋል። የሰው ኮምፒውተር ውስጥ ተደብቆ ካሜራና ማይክ የሚከፍተው ሶፍትዌር የነሱ ነው። ይህ ሲወራ እምብዛም አይሰማም።

ሕጉ ግን የቻይናም የአውሮፓም አልነበረም። ስልክ መጥለፍን የፈቀደው፣ የተጠለፈውንም የፍርድ ቤት ማስረጃ ያደረገው የፀረ ሽብር አዋጅ 652/2001 የወጣው አዲስ አበባ ነው። «ድምፃችን ይሰማ» ባልንበት በ2012 የታሰሩት የመፍትሔ አፈላላጊ ኮሚቴ አባላት በ2015 ከ7 እስከ 22 ዓመት የተፈረደባቸው በዚሁ አዋጅ ነው። ሱረቱል ሑጁራት 12 መሰለልን የከለከለን እኛ፣ ተሰላዮች ሆንን።

አዋጁ በ2020 ተሽሮ በ1176/2012 ተተካ። በፍርድ ቤት ፈቃድ ስልክ መጥለፍ ግን በአዲሱም ውስጥ አለ።