ከምንጩ ዓይን እስከ ልጁ ፊት፦ የጎንደር ሳኒታሪያኖች ሥራ

በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1954 ሲከፈት በኢትዮጵያ ሐኪም የሚያስተምር ተቋም ገና አልነበረም፤ በአዲስ አበባ የሕክምና ፋኩልቲ የተቋቋመው ከ10 ዓመት በኋላ ነው። ኮሌጁን መንግሥት ከዓለም ጤና ድርጅት፣ ከዩኒሴፍና ከአሜሪካ ጋር ሆኖ መሠረተው። በዋዜማው ዓመት ከጣና ሐይቅ በስተሰሜን ባለው የደምቢያ ሜዳ ወባ ብዙ ሕዝብ መፍጀቱ ለመከፈቱ አንዱ ምክንያት ነበር።

ለየወረዳው ሐኪም ማድረስ የማይታሰብ ስለነበር ኮሌጁ ሦስት ዓይነት ባለሙያ ጎን ለጎን አሠለጠነ። ጤና መኮንኑ በሽተኛ ይመረምራል፣ ጤና ጣቢያውን ይመራል፤ የማኅበረሰብ ነርሷ እናቶችንና ሕፃናትን ትከታተላለች፤ ሳኒታሪያኑ ውኃውን፣ ሽንት ቤቱንና ገበያውን ይቆጣጠራል። ተማሪዎቹ በቡድን ሆነው እንደ ቆላ ድባ ባሉ ጤና ጣቢያዎች ከሕዝቡ መካከል ይማሩ ነበር።

ከሦስቱ ስሙ እምብዛም የማይነሳው ሳኒታሪያኑ ነው፤ የገበሬውን ኑሮ በቅርብ የነካው ግን እሱ ነው። ምንጭ ማጎልበትን ብቻ ማየት ይበቃል። ከብት የሚረግጠው ጭቃ ተጠርጎ የምንጩ ዓይን እስኪገኝ ይቆፈራል፤ ዙሪያው በንጹሕ ድንጋይና ጠጠር ይሞላል፤ ላዩ በሸክላ አፈርና በሲሚንቶ ይደፈናል፤ ውኃው በቧንቧ ይወጣል። ከበላዩ የክረምቱን ጎርፍ የሚመልስ ቦይ ይቀደዳል፤ ዙሪያው ይታጠራል። ሥራው ከሲሚንቶውና ከቧንቧው በቀር የመንደሩ ሰው ጉልበት ይበቃዋል።

በቤት ውስጥም የሚመከረው ከአቅም በላይ አልነበረም። በደጋው ብርድ ሰውና ከብት በአንድ ጣሪያ ሥር ማደሩ፣ መስኮት በሌለው ቤት እሳት መንደዱ የተለመደ ነበር። ስለዚህ በረቱን መለየት፣ መስኮት ማውጣት፣ እንስራውን መክደን፣ የልጅን ፊት ማጠብ ይመከር ነበር። የመጨረሻው ቀላል ቢመስልም ዓይን የሚያሳውረው ትራኮማ ከታመመ ዓይን ፈሳሽ በእጅ፣ በጨርቅና በዝንብ ስለሚዛመት ዓይን ያድናል። ነገር ግን ውኃ ከቁልቁለት በጀርባዋ አዝላ ለምትወጣ ሴት «የልጅሽን ፊት እጠቢ» ማለት ሸክም መጨመር ነው። ምንጩ ሲቀርብና ሲጠራ ነው ምክሩ የሚያዝላት። ቅደም ተከተሉን የሳተ የጤና ትምህርት ባዶ ወቀሳ ይሆናል።

ሁሉም ችግር ግን በቤት ልማድ አይመከትም። እ.ኤ.አ. በ1958 ወባ የአገሪቱን ደጋማ ቦታዎች ሲያጠቃ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150 ሺህ ያህል እንደሞተ ተገምቷል።

ከጊዜ በኋላ ኮሌጁም ተለወጠ፤ እ.ኤ.አ. በ1978 በምሥራቅ ጀርመኑ የላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ እገዛ በጎንደር የሐኪሞች ሥልጠና ተጀመረ። የሳኒታሪያኑ ሥራ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2003 የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሲጀመር አብዛኛው ወደ ሴቶች እጅ ገባ። በየቀበሌው ሁለት፣ አንድ ዓመት የሠለጠኑ ወጣት ሴቶች ተመድበው 16 የጤና ፓኬጆችን ቤት ለቤት ያስተምሩ ጀመር፤ ከእነዚህ ሰባቱ የግልና የአካባቢ ንጽሕናን የሚመለከቱ ነበሩ።