ማሻሻያ

«ማሻሻያ» የሚለው ቃል ከ«ተሻለ» ጋር ሥሩ አንድ ነው፤ ከነበረው የበለጠ ማድረጊያ ማለት ነው። ሶፍትዌር ላይ ለ«አፕዴት» ሲውል ግን ሌላ ፍቺ ደርቦ መጣ፦ ያለውን ማንሳት።

ዊንዶውስን እንይ። ከዊንዶውስ 95 ጀምሮ፣ ከስክሪኑ ግርጌ ያለውን ታስክባር የፈለገ ወደ ላይ፣ የፈለገ ወደ ጎን ያዞረው ነበር። ስክሪኑ ሰፊ ሆኖ ረጅም ሰነድ ለሚያነብ ሰው ወደ ጎን ማዞሩ ቁመት ያተርፋል። እ.ኤ.አ. በ2021 ዊንዶውስ 11 ሲወጣ ምርጫው ከሴቲንግ ውስጥ አልነበረም፤ ታስክባሩ ከታች ተቸነከረ። የተከፈቱ መስኮቶችን ሳይደራርቡ፣ እያንዳንዱን ከነስሙ የማሳየት ምርጫም አብሮ ሄዶ በ2023 ተመለሰ። (ይህን መመለስ ማሻሻያ እንበለው ወይስ ካሳ?)

የሕግ ሰዎች ቃሉን በጥንቃቄ ይይዙታል። የማሻሻያ አዋጅ የትኛው አንቀጽ እንደተሰረዘ፣ በምን እንደተተካ በቁጥር ለይቶ ይጽፋል እንጂ «ልዩ ልዩ ስህተቶች ተስተካክለዋል» ብሎ አያልፍም። ሶፍትዌር ሠሪዎችም ያነሱትን በስሙ ጠርተው እስኪነግሩን ድረስ «ለውጥ» የሚለው ቃል ይበቃቸዋል።