የመዥገር ንክሻ በቆዳ ላይ፦ ምርመራው በዓይንና በእጅ ይጀምራል

መዥገር የነከሰው ቆዳ ስለቀላ ብቻ በሽታ ተላልፏል አይባልም። በምራቁ ውስጥ ባሉ ፕሮቲኖች የተነሣ ቦታው በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ያብጣል፣ ያሳክካል፤ መቅላቱም አብዛኛውን ጊዜ 5 ሳንቲ ሜትር ሳይሞላ ይከስማል። የሚያሳስበው ዘግይቶ ብቅ የሚለው ነው። በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ በሚታወቀው በላይም በሽታ ሽፍታው ከ3 እስከ 30 ቀን ባለው ጊዜ ይወጣና ቀን በቀን እየሰፋ ይሄዳል። ፀረ እንግዳ አካላት ገና በበቂ መጠን ስላልተመረቱ በዚህ ወቅት የደም ምርመራው ብዙ ጊዜ ነጻ ነው ይላል፤ ስለዚህ ሐኪሙ ሽፍታውን አይቶ ይወስናል።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው በሪኬትሲያ አፍሪኬ የሚመጣው የአፍሪካ የመዥገር ንክሻ ትኩሳት ነው። ተመራማሪዎች የሚጠቀሙበት ኢኤስኤፍ-5 የተባለው የባክቴሪያው ዝርያ በ1966 (እ.ኤ.አ.) ኢትዮጵያ ውስጥ ከአምብሊዮማ መዥገር የተገኘ ነው። ባክቴሪያው የጥቃቅን ደም ሥሮችን ግድግዳ ስለሚያጠቃ በንክሻው ቦታ ያለው ቆዳ ይሞታል፤ መሀሉ ጥቁር ቅርፊት፣ ዙሪያው ያበጠ ቁስል ይሆናል። አምብሊዮማ ሰውን አሳዶ የሚነክስ መዥገር በመሆኑ በአንድ ሕመምተኛ ላይ ሁለት ሦስት ቅርፊት ማግኘት እንግዳ አይደለም። በአቅራቢያውም ንፍፊት ይወጣል።

ቅርፊቱ እምብዛም ስለማያም ሕመምተኛው ራሱ አያነሣውም። ትኩሳትና ራስ ምታት ይዞት የመጣን ከብት አርቢ ልብሱን አስወልቆ ብሽሽቱን፣ ብብቱን፣ ከጉልበቱ ጀርባና ፀጉሩ ውስጥ ያልፈተሸ ሐኪም ዋናውን ማስረጃ ያጣል። በጥቁር ቆዳ ላይ ደግሞ መቅላት ወይን ጠጅ ወይም ጠቆር ያለ ቡናማ መስሎ ዓይንን ያመልጣል፤ ሽፍታን በቅላቱ ብቻ መለየት የተማረ ሰው በእኛ ሕመምተኞች ላይ ይቸገራል። እጅ ግን እብጠቱንና ንፍፊቱን ያገኛል።

በየክሊኒኩ ለታይፈስ የሚታዘዘው የቫይል-ፊሊክስ ምርመራ ለመዥገር ንክሻ ትኩሳት አስተማማኝ አይደለም፤ ብዙ ሕመምተኞችን ይስታል፣ ሌላ በሽታ ያለበትንም ታይፈስ ነው ሊል ይችላል። በሳምንታት ልዩነት በተወሰዱ ሁለት የደም ናሙናዎች መካከል የፀረ እንግዳ አካላት መጠን አራት እጥፍ መጨመሩ አስተማማኝ ነው፤ ነገር ግን ውጤቱ ሲደርስ ሕመምተኛው ድኗል። ፈጣኑ መንገድ ቅርፊቱን ማንሣት ወይም ሥሩን በጥጥ ጠርጎ ለፒሲአር መላክ ነው። ናሙናው ዶክሲሳይክሊን ከመጀመሩ በፊት ቢወሰድ ይመረጣል፤ መድኃኒቱ ግን የላቦራቶሪውን መልስ መጠበቅ የለበትም።