የጡት ካንሰርና የኬሞቴራፒ ሕክምና፦ የአዳሚ ቱሉና የአካባቢዋ ነዋሪ ሊያውቀው የሚገባ

አዳሚ ቱሉ ከአዲስ አበባ ወደ ሻሸመኔና ሐዋሳ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ፣ ከባቱ በስተደቡብ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቃ የምትገኝ የምሥራቅ ሸዋ ዞን ከተማ ናት። በከተማዋም ሆነ በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎች የምትኖር ሴት በጡቷ ላይ እብጠት ብታገኝ፣ የሕመሙ ምንነት ታውቆ ተገቢውን ሕክምና እስክታገኝ ድረስ ከጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል፣ ከሆስፒታልም ወደ ካንሰር ማዕከል መጓዝ ይጠበቅባታል። በዚህ ጉዞ የሚባክነው ጊዜ የሕክምናውን ውጤት ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ ነው።

የጡት ካንሰር ምንድን ነው?

ሰውነታችን የተገነባባቸው ሕዋሳት በሥርዓት ይራባሉ፤ ሲያረጁም ይሞታሉ። በጡት ውስጥ ያሉ ሕዋሳት ይህን ሥርዓት ጥሰው ያለገደብ ሲራቡ የጡት ካንሰር ይፈጠራል። በሽታው በጊዜ ካልታከመ በመጀመሪያ በብብት ወዳሉ ንፍፊቶች፣ ቀጥሎም ወደ አጥንት፣ ሳንባ፣ ጉበትና አንጎል ሊሠራጭ ይችላል።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2022 በዓለም ዙሪያ 2.3 ሚሊዮን ያህል ሴቶች በጡት ካንሰር መያዛቸው ታውቋል፤ 670,000 የሚሆኑት ደግሞ በዚሁ በሽታ ሕይወታቸውን አጥተዋል። በኢትዮጵያ በ2020 የተሠራው ዓለም አቀፍ ግምት በዓመት ከ16,000 በላይ አዲስ ታማሚዎችና 9,000 ያህል ሟቾች እንዳሉ ያመለክታል። በሽታው በሀገራችን ሴቶችን ከሚያጠቁ የካንሰር ዓይነቶች ቀዳሚው ነው። ቁጥራቸው አነስተኛ ቢሆንም ወንዶችም ይያዛሉ።

ምልክቶቹ

ከሚከተሉት አንዱን ያየ ሰው ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይኖርበታል፦

• በጡት ወይም በብብት ሥር የሚዳሰስ ጠጣር እብጠት
• የጡት ቅርጽ ወይም መጠን መለወጥ
• የጡት ቆዳ መሰርጎድ፣ መቅላት ወይም እንደ ብርቱካን ልጣጭ መሆን
• የጡት ጫፍ ወደ ውስጥ መግባት ወይም መቁሰል
• ከጡት ጫፍ ደም ወይም ያልተለመደ ፈሳሽ መውጣት

የጡት ካንሰር በጅማሬው አብዛኛውን ጊዜ አያምም። ብዙዎችን የሚያዘናጋውም ይህ ነው፤ «ካላመመኝ ምን አስቸኮለኝ» በማለት ወራት ያልፋሉ። በሌላ በኩል እያንዳንዱ እብጠት ካንሰር አይደለም፤ የሚበዛው ጉዳት የሌለው ነው። ይህን ለይቶ ማወቅ የሚቻለው ግን በምርመራ ብቻ ነው።

ምርመራው እንዴት ይካሄዳል?

ሐኪሙ በመጀመሪያ ጡትንና ብብትን በእጁ ይመረምራል። ቀጥሎ የአልትራሳውንድ ወይም የማሞግራፊ ምርመራ ሊያዝ ይችላል። የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው ግን ባዮፕሲ ነው፤ ይኸውም ከእብጠቱ በመርፌ ወይም በቀዶ ሕክምና ናሙና ተወስዶ በፓቶሎጂ ላቦራቶሪ የሚመረመርበት መንገድ ነው። መርፌው «ካንሰሩን ይበትነዋል» የሚለው ሥጋት ሰዎችን ከምርመራ ሊያርቅ አይገባም።

ናሙናው ካንሰሩ ለኢስትሮጅን ሆርሞን የሚመልስ መሆን አለመሆኑንም ያሳያል። በኢትዮጵያ የተደረገ ጥናት ከታማሚዎቹ ሁለት ሦስተኛ የሚሆኑት ይህ ዓይነቱ ካንሰር እንዳለባቸው አመልክቷል። ይህ ተስፋ የሚሰጥ ነው፤ ምክንያቱም ታሞክሲፈን የተባለውን እንክብል በየቀኑ ቢያንስ ለ5 ዓመት በመውሰድ በሽታው የመመለስ ዕድሉን መቀነስ ይቻላል። እንክብሉ በቤት የሚወሰድ በመሆኑ ከማዕከል ርቀው ለሚኖሩ ሴቶች ጥቅሙ ከፍ ያለ ነው።

ኬሞቴራፒ እንዴት ይሠራል?

ኬሞቴራፒ በፍጥነት የሚራቡ ሕዋሳትን የሚገድል መድኃኒት ነው። ቀዶ ሕክምናና ጨረር በአንድ የሰውነት ክፍል ላይ ሲያተኩሩ፣ ኬሞቴራፒ በደም አማካይነት መላውን ሰውነት ይደርሳል፤ በዓይን የማይታዩ ሥርጭቶችንም ያጠቃል። ከቀዶ ሕክምና በፊት የሚሰጠው እብጠቱን ለማሳነስ፣ በኋላ የሚሰጠው ደግሞ በሽታው እንዳይመለስ ለመከላከል ነው። በሽታው ወደ ሌሎች የሰውነት ክፍሎች በተሠራጨ ጊዜም ሕመምን ለማስታገስና ዕድሜን ለማራዘም ይረዳል።

በተለምዶ በሚሠራበት አንድ ቅደም ተከተል መሠረት ዶክሶሩቢሲንና ሳይክሎፎስፋማይድ የተባሉት መድኃኒቶች በየ21 ቀኑ 4 ጊዜ፣ ቀጥሎም ፓክሊታክሴል በየ21 ቀኑ 4 ጊዜ በደም ሥር ይሰጣሉ። ይህም በድምሩ 6 ወር ገደማ ይፈጃል። በየዙሩ መካከል ያለው ዕረፍት ጤናማ ሕዋሳት እንዲያገግሙ የታሰበ ነው። ቀጠሮን ያለ ሐኪም ፈቃድ ማራዘም ግን የቀሩት የካንሰር ሕዋሳት መልሰው እንዲራቡ ጊዜ ይሰጣል።

የመድኃኒቶቹ አመጣጥ ስለ ባህል ሕክምና ለሚነሳው ጥያቄም መልስ አለው። ዶክሶሩቢሲን የተገኘው በአፈር ውስጥ ከሚኖር ባክቴሪያ ሲሆን፣ ፓክሊታክሴል ደግሞ በመጀመሪያ የተገኘው ከዛፍ ቅርፊት ነው። ይሁን እንጂ መድኃኒት የሆኑት ንጥረ ነገሩ ተለይቶ፣ መጠኑ ተለክቶና በታማሚዎች ላይ ተፈትኖ ነው። መጠኑ ያልታወቀ ቅጠል ወይም ሥር ከኬሞቴራፒ ጋር አብሮ መውሰድ ጉበትንና ኩላሊትን ሊጎዳ ስለሚችል፣ የሚወሰድ ነገር ካለ ለሐኪሙ ሳይደብቁ መናገር ይገባል። ጸሎትና ጸበል የታማሚዋን መንፈስ ያበረታሉ፤ የሕክምና ቀጠሮን ግን ሊተኩ አይገባም። ጾምን በተመለከተም ክርስቲያንም ሆነ ሙስሊም ታማሚ ከሐኪምና ከሃይማኖት አባት ጋር ቢመክር ይመረጣል።

የጎንዮሽ ጉዳቶችና ጥንቃቄያቸው

ኬሞቴራፒ የካንሰር ሕዋሳትን ከሌሎች ፈጥነው ከሚራቡ ሕዋሳት ፈጽሞ አይለይም። በመሆኑም የፀጉር መርገፍ፣ ማቅለሽለሽ፣ የአፍ መቁሰልና ድካም ይከሰታሉ። ፀጉር ከ2 እስከ 3 ሳምንት ባለው ጊዜ መርገፍ ይጀምራል፤ ሕክምናው ሲያበቃም አብዛኛውን ጊዜ መልሶ ይበቅላል። ለማቅለሽለሹ መድኃኒት አለው። ዶክሶሩቢሲን ቀለሙ ቀይ በመሆኑ ከተወሰደ በኋላ ሽንት ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን ቢቀላ አያስደነግጥም። መድኃኒቱ ልብን ሊጎዳ ስለሚችል አስቀድሞ የልብ ምርመራ ይደረጋል። ፓክሊታክሴል ደግሞ እጅና እግርን ያደነዝዛል። መርፌው በተሰካበት ቦታ ማቃጠል ከተሰማ ወዲያውኑ ለነርሷ መንገር ያስፈልጋል።

ከሁሉም በላይ አሳሳቢው የነጭ የደም ሕዋሳት መቀነስ ነው። ቁጥራቸው እጅግ ዝቅ የሚለው አብዛኛውን ጊዜ መድኃኒቱ ከተሰጠ ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ነው። በዚህ ወቅት የሰውነት ሙቀት 38 ዲግሪ ሴልሺየስ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ድንገተኛ ሕክምና ያሻል። እንደ ባቱና አዳሚ ቱሉ ባሉ ወባ በሚገኝባቸው አካባቢዎች ትኩሳትን ሁሉ የወባ አድርጎ መቁጠር የተለመደ ነው። ኬሞቴራፒ የወሰደች ሴት ግን የወባ መድኃኒት ገዝታ ቤት ልትቀመጥ አይገባም፤ ወደ ሆስፒታል ፈጥና ሄዳ ኬሞቴራፒ ላይ መሆኗን መናገር፣ የደም ምርመራም ማድረግ አለባት። ጥሬ ሥጋና ያልፈላ ወተትም በሕክምናው ወቅት መቅረት አለባቸው። ከዚህ በተጨማሪ እርግዝናን መከላከልና ጡት አለማጥባት ያስፈልጋል።

ፀረ-ተባይ ኬሚካልና የጡት ካንሰር

በአዳሚ ቱሉ ለረጅም ዓመታት የቆየ የፀረ-ተባይ ማቀነባበሪያ ፋብሪካ አለ፤ ቀደም ሲል ለወባ መከላከያ የሚረጨው ዲዲቲም በዚያ ይዘጋጅ ነበር። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2015 እ.አ.አ. ዲዲቲን በሰው ላይ ምናልባትም ካንሰር ከሚያስከትሉ ነገሮች መድቦታል። ይሁንና በአዋቂ ሴቶች ደም ውስጥ ያለውን ዲዲቲ የለኩ ጥናቶች በአመዛኙ ከጡት ካንሰር ጋር ግልጽ ዝምድና አላገኙም፤ ጥያቄው ይበልጥ የሚነሳው በልጅነት ስለሚደርስ ተጋላጭነት ነው። ስለዚህ አንዲት ሴት ታመመች ማለት ኬሚካል አሳመማት ማለት አይደለም። ቢሆንም የፀረ-ተባይ ዕቃን ለውኃ ወይም ለእህል አለመጠቀም፣ በርጭት ጊዜ የተለበሰውን ልብስ ለብቻ ማጠብና ልጆችን ከርጭት ማራቅ ተገቢ ነው። ይበልጥ የታወቁት አጋላጭ ሁኔታዎች የዕድሜ መግፋት፣ በቤተሰብ ውስጥ በሽታው መኖሩ፣ ከማረጥ በኋላ የሚመጣ ከመጠን ያለፈ ውፍረትና አልኮል ናቸው። ጡት ማጥባት ደግሞ ተጋላጭነትን ይቀንሳል።

መንገዱና ወጪው

በአዲስ አበባ የሚገኘው ጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ለረጅም ዘመን በሀገሪቱ የጨረር ሕክምና የሚሰጥበት ብቸኛው ቦታ ነበር። በኋላ ጅማን የመሳሰሉ ማዕከላት ተጨምረዋል። ኬሞቴራፒ ሐዋሳን ጨምሮ በሌሎች ከተሞችም ይሰጣል፤ ለአዳሚ ቱሉ ነዋሪ ደግሞ ሐዋሳ ከአዲስ አበባ ይልቅ ትቀርባለች። ከአዳሚ ቱሉ አዲስ አበባ ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ለ8 ዙር ሕክምና ደርሶ መልስ የምትመላለስ ሴት ከ2,500 ኪሎ ሜትር በላይ ትጓዛለች ማለት ነው። የመኝታው፣ የምግቡና የአስታማሚው ወጪ ሲጨመርበት ሕክምናን አቋርጦ ለመቅረት የሚፈትን ሸክም ነው።

ስለዚህ ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት ቤተሰብ የስድስት ወሩን ወጪ አስልቶ ቢነጋገር መልካም ነው። ሪፈራል በሚጻፍበት ጊዜ በቅርብ ያለው የካንሰር ማዕከል የትኛው እንደሆነ፣ የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ምን ምን እንደሚሸፍንና የደም ምርመራው በባቱ ወይም በአዳማ ተሠርቶ መሄድ ይቻል እንደሆነ ሐኪሙን መጠየቅ ያስፈልጋል። የባዮፕሲ ውጤትና የእያንዳንዱ ዙር ማስረጃ በአንድ ማኅደር ተጠብቆ መያዝ አለበት።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.አ.አ. ባስጀመረው የጡት ካንሰር ንቅናቄ ሦስት ግቦች አስቀምጧል፦ ቢያንስ 60 በመቶ ታማሚዎች በሽታው ሳይሠራጭ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ደረጃዎች ላይ እንዲታወቅላቸው፤ ምርመራው በ60 ቀን ውስጥ እንዲጠናቀቅ፤ 80 በመቶ የሚሆኑት ደግሞ የጀመሩትን ሕክምና እንዲጨርሱ። እብጠት ያገኘች ሴት በዚያው ሳምንት ጤና ጣቢያ ብትሄድና ቤተሰቧ እስከ መጨረሻው ዙር ከጎኗ ቢቆም፣ ከሦስቱ ግቦች የመጀመሪያውና የመጨረሻው ከቤት ይጀምራሉ።