መቅደላ፣ ቁጥር 481 እና የጠፋው ሊንክ፦ ድረ ገጽ ቤት ሲቀይር ምን ይሆናል?

አጅባር ከተማ ውስጥ አንድ ሰው ፈልጋችሁ ሄዳችሁ እንበል። በሩን ብታንኳኩ ሌላ ሰው ነው የከፈተው። ግን ባዶ እጃችሁን አትመለሱም፤ ጎረቤት ብቅ ይልና «እሱ እኮ ከዚህ ለቋል፣ አሁን ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ነው ያለው» ይላችኋል። ያ ጎረቤት ባይኖርስ? ሰውየው አልሞተም፣ ከተማውንም አልለቀቀም፤ ለእናንተ ግን ጠፍቷል።

በድረ ገጽ ዓለም የዚያን ጎረቤት ሥራ የሚሠራ ነገር አለ፤ «ሪዳይሬክት» ይባላል። ሰርቨሩ ላይ የሚጻፍ አጭር መመሪያ ነው። ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ለማየት ከአጅባር ብዙም ሳንርቅ፣ እዚያው ምዕራብ ደቡብ ወሎ ውስጥ፣ ወደ መቅደላ አምባ እንውጣ።

አድራሻ የቀየሩ መጻሕፍት

አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ሊያሠሩት ላሰቡት የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ብዙ የብራና መጻሕፍት ሰብስበው ነበር፤ አብዛኞቹ የመጡት ከጎንደር አድባራት ነው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1868) የእንግሊዝ ጦር አምባውን ሲይዝ ንጉሡ ራሳቸውን ገደሉ፣ መጻሕፍቱና ንዋያተ ቅድሳቱም ተዘረፉ። የተዘረፈው ንብረት በ15 ዝሆኖችና ወደ 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ተጭኖ ወደ ዳላንታ ሜዳ ሄደ፣ እዚያም ጨረታ ወጣበት። የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው የነበረው ሪቻርድ ሆልምስ ከጦሩ ጋር አብሮ መጥቶ ነበርና ለሙዚየሙ ገዛ። በመጨረሻ 350 ገደማ ብራናዎች ለንደን ገቡ።

እዚያ ሲደርሱ ለእያንዳንዱ ብራና ቁጥር ተሰጠው። «ኦሪየንታል» የሚለው ቃል ባጭሩ «ኦር.» ተብሎ ይጻፍና ቁጥሩ ይከተላል። ለምሳሌ ኦሪትንና አራቱን ወንጌላት የያዘው ባለ ሥዕል ብራና «ኦር. 481» ነው። ዊልያም ራይት እ.ኤ.አ. በ1877 የሙዚየሙን የግዕዝ ብራናዎች ዝርዝር ሲያሳትም የተመራማሪዎች መገናኛ ይኸው ቁጥር ሆነ።

እዚህ ላይ አንድ ብልሃት አለ። ቁጥሩ የሚናገረው ስለ ብራናው ብቻ ነው። የትኛው ክፍል፣ የትኛው መደርደሪያ፣ የትኛው ሕንፃ እንደሚገኝ አይናገርም። በ1973 መጻሕፍቱ አዲስ ወደተቋቋመው ብሪቲሽ ላይብረሪ ተዛወሩ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ቤተ መጻሕፍቱ ራሱ ሕንፃ ቀየረ። ቁጥር 481 ግን ያው 481 ሆኖ ቀረ። የዛሬ መቶ ዓመት የተጻፈ የግርጌ ማስታወሻ ዛሬም ብራናውን ያገኘዋል።

ወደ አገሩ የተመለሰም አለ። አፄ ዮሐንስ 4ኛ እ.ኤ.አ. በ1872 ለንግሥት ቪክቶሪያ በጻፉት ደብዳቤ ክብረ ነገሥትን ጠይቀው አንድ ቅጂ ተመልሶላቸዋል። የዚያን ብራና ቁጥር ይዞ ለንደን የሚሄድ አንባቢ ምን ይባል? «አይታወቅም» ብሎ መመለስ ነውር ነው፤ «እዚህ ነበር፣ አሁን የለም» ማለት ግን መረጃ ነው። ልዩነቱን አስታውሱት፣ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

የሰርቨር ቋንቋ በቁጥር

ቲም በርነርስ ሊ በ1990ዎቹ መግቢያ ድረ ገጽን ሲያስጀምር እያንዳንዱ ገጽ የራሱ አድራሻ፣ ማለትም ዩአርኤል፣ እንዲኖረው አደረገ። አድራሻው ሰርቨሩን የሚጠራ ስም አለው፤ ከዚያ መንገዱ ይከተላል፤ አንዳንዴ ደግሞ ከጥያቄ ምልክት በኋላ ተጨማሪ ጥያቄ ይመጣል። ብሮውዘሩ ሲጠይቅ ሰርቨሩ በሦስት አሃዝ ይመልሳል፦

- 200፦ እነሆ፣ አለ።
- 301፦ ለዘለቄታው ተዛውሯል፣ አዲሱ አድራሻ ይኸውላችሁ።
- 302፦ ለጊዜው ሌላ ቦታ ነው።
- 404፦ አላገኘሁትም።
- 410፦ ነበር፣ አሁን የለም።

የክብረ ነገሥቱን ጉዳይ ታስታውሳላችሁ? 404 እና 410 የሚለያዩት እዚያ ላይ ነው።

እነዚህን መልሶች በዘፈቀደ ሳይሆን በደንብ ለማዘዝ ሕግ መጻፍ ያስፈልጋል። ራልፍ ኤንግልሻል የተባለ ጀርመናዊ በ1996 አፓቺ ለሚባለው ሰርቨር «ሞድ ሪራይት» የተሰኘውን ክፍል ጻፈ፤ በ1997 ለአፓቺ ቡድን አበረከተው። ከዚያ በኋላ የመጣው ኤንጂንኤክስም የራሱ አጻጻፍ አለው። ሐሳቡ ግን አንድ ነው፤ ሕጉ ሦስት ነገር ይይዛል፦ «እንዲህ የሚመስል አድራሻ ከመጣ»፣ «በዚህኛው ተካው»፣ «አተካኩም እንዲህ ይሁን»።

አተካኩ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ሪራይት ነው፤ ሰርቨሩ በሆዱ ይዞት ሌላ ፋይል አምጥቶ ይሰጣል፣ እናንተ የጻፋችሁት አድራሻ አይቀየርም። ሁለተኛው ሪዳይሬክት ነው፤ ሰርቨሩ «እዚያ ሂዱ» ብሎ ይልካችኋል፣ ብሮውዘሩ ላይ አዲሱ አድራሻ ይታያል። የመጀመሪያው ባለቤቱ ራሱ ከጓዳ አምጥቶ ሲሰጣችሁ ነው፤ ሁለተኛው የጎረቤቱ ነገር ነው።

ቀላል ይመስላል፣ ግን ያሳስታል

ቁጥር 48ን ወደ አዲስ ገጽ የሚልክ ሕግ ጻፋችሁ እንበል። ፈተናችሁት፣ ሠራ። በማግስቱ 481ን የፈለገ ሰው 48 ላይ ይደርሳል። ለምን? ሕጉ «48 ያለበትን ሁሉ» ነው የያዘው፤ 481 ውስጥ ደግሞ 48 አለ። መፍትሔው አድራሻው የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያልቅ በምልክት መቸከል ነው።

ሌላው ስሕተት ዙሪያ ጥምጥም ነው። አንድ ሕግ ከሀ ወደ ለ ይልካል፣ ሌላው ከለ ወደ ሀ። ብሮውዘሩ 20 ጊዜ ያህል ተመላልሶ «በቃኝ» ይላል። በተጨማሪ 301ን ብሮውዘር ያስታውሰዋል፤ «ለዘለቄታው» ብላችሁታልና ደግሞ አይጠይቅም። ስለዚህ ጥንቁቅ ባለሙያ መጀመሪያ በ302 ይሞክርና ትክክል መሆኑን ሲያረጋግጥ ነው ወደ 301 የሚያሳድገው።

ጥቅምት 2023

የመቅደላ ብራናዎች የተወሰኑት ፎቶ ተነሥተው የብሪቲሽ ላይብረሪ ድረ ገጽ ላይ ወጥተው ነበር። ይህ ትልቅ ነገር ነበር። የለንደን ቪዛም ሆነ ገንዘብ የሌለው የአጅባር ተማሪ፣ ከአገሩ ተራራ የተወሰደውን ብራና በስልኩ ማየት ቻለ። የገጹ አድራሻ ውስጥም ያው የድሮው ቁጥር፣ 481፣ ከጥያቄ ምልክቱ በኋላ ተጽፎ ነበር።

እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2023 መጨረሻ ላይ ቤተ መጻሕፍቱ ከባድ የሳይበር ጥቃት ደረሰበት። ጥቃት አድራሾቹ ገንዘብ ጠየቁ፤ ቤተ መጻሕፍቱ አልከፍልም አለ። ድረ ገጹ ግን ከነብራናዎቹ ተዘጋ። በጥናት ጽሑፎች፣ በመማሪያ ስላይዶች፣ በጦማሮች ላይ የተለጠፉት ሊንኮች ባንድ ጊዜ ሞቱ።

«ታዲያ ሪዳይሬክት አይጻፍም እንዴ?» ትሉ ይሆናል። ሦስት ችግር አለ። አንደኛ፣ ሕጉ የሚኖረው ሰርቨሩ ላይ ነው። ሰርቨሩ ከወደቀ ጠቋሚውም አብሮ ይወድቃል፤ ጎረቤቱም ሰፈሩን ለቋል ማለት ነው። ሁለተኛ፣ አፓቺን በመሰለ ሰርቨር ተራው የሪራይት ሕግ የሚያነበው የአድራሻውን መንገድ ብቻ ነው፤ ከጥያቄ ምልክት በኋላ ያለውን ለማየት ተጨማሪ ቅድመ ሁኔታ መጻፍ አለበት። ሦስተኛውና ዋናው፣ ብራናዎቹ ቀስ በቀስ በሌላ ሥርዓት መመለስ ሲጀምሩ አዲሱ አድራሻቸው የብራናውን ቁጥር ሳይሆን ሌላ ረጅም መለያ የያዘ ነው። አሮጌው አድራሻ ውስጥ ያለውን ቁጥር ገልብጦ አዲሱ ላይ መለጠፍ አይቻልም። ለእያንዳንዱ ብራና «ይህ ወደዚያ» የሚል መስመር ያለበት ሰንጠረዥ ያስፈልጋል።

በርነርስ ሊ በ1998 በጻፈው ማስታወሻ ጥሩ አድራሻ አይቀየርም ብሎ ነበር። የሶፍትዌሩን ዓይነት፣ የፋይሉን ቅጥያ፣ ነገ የሚለወጥ ማንኛውንም ነገር አድራሻ ውስጥ አትክተቱ ነው ምክሩ። የ19ኛው ክፍለ ዘመን ቁጥር ሰጪዎች ኮምፒውተር ሳያዩ ይህን አውቀውት ነበር። «ኦር. 481» ሁለት ተቋም፣ አንድ አዲስ ሕንፃና አንድ የሳይበር ጥቃት አልፏል። ማስታወሻው ላይ ቁጥሩን የጻፈ ሰው ዛሬም ፈልጎ ያገኛል፤ ሊንኩን ብቻ የለጠፈ ግን ምንም አልያዘም።

በእኛው ፊደል

አማርኛ ድረ ገጽ የሚሠራ ሰው ደግሞ የራሱ ጣጣ አለበት። «መካነ ሰላም» በሰ ይጻፋል፣ በሠም ይጻፋል። «ፀሐይ»ን ጸ/ፀ እና ሀ/ሐ/ኀ እያቀያየርን ብቻ በ6 መንገድ መጻፍ እንችላለን። ለእኛ አንድ ቃል ነው፤ ለሰርቨር 6 የተለያየ አድራሻ። አማርኛ ዊኪፔዲያ ለዚህ መፍትሔ አለው፣ ስሙም ደስ ይላል፦ «መምሪያ መንገድ»። በአንዱ አጻጻፍ የገባ ሰው ወደ ሌላው ይመራል። የቦታ ስም ሲቀየርም ይኸው ነው። አጅባር አካባቢ «ደንቆሮ ጫካ» ብሎ የሚፈልግ ሰው «ቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ» ላይ መድረስ አለበት፤ ያው ደን ነውና።

አንድ ነገር ጨምሩበት። በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል፣ አድራሻ ውስጥ ሲገባ ደግሞ እያንዳንዱ ባይት በ3 ምልክት ይጻፋል። «አጅባር» 4 ፊደል ናት፤ ሊንኩን ገልብጣችሁ ስትልኩ 36 ምልክት ሆና ልትወጣ ትችላለች። ሕግ ስትጽፉ በሁለቱም መልኳ ፈትኗት።

ሪዳይሬክት መጽሐፍ አይመልስም። የመቅደላ ብራናዎች ወደ አገራቸው ይመለሱ ወይ የሚለው ጥያቄ በሰርቨር ሕግ አይፈታም። ግን የት እንዳሉ ማወቅ የጥያቄው መጀመሪያ ነው፤ የጠፋ አድራሻ ያለውን ነገር የሌለ ያስመስላልና። ነገ የትምህርት ቤታችሁን ድረ ገጽ የምታድሱት እናንተ ከሆናችሁ አሮጌውን ከማጥፋታችሁ በፊት አድራሻዎቹን ሁሉ ዘርዝሩ፣ እያንዳንዱ ወዴት እንደሄደ ጻፉ፣ በእውነት የጠፋውን ደግሞ «ነበር» በሉት። ከዚያ አንድ በአንድ ክፈቱና እዩ።