የተጣለ ዕቃ የማን ነው?

«ኢቭ ኦንላይን» በተባለው የኮምፒውተር ጨዋታ ውስጥ አንድ ተጫዋች ከመርከቡ ወደ ባዶው ጠፈር የጣለው ኮንቴይነር ዕድሜው ሁለት ሰዓት ነው። ሁለት ሰዓት ሲሞላ ኮንቴይነሩም በውስጡ ያለው ጭነትም አብረው ይጠፋሉ። ስባሪ አይቀርም፤ አመድም አይቀርም። «ታዲያ ምን ይጠበስ?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። እኔ ግን ከዚህች ትንሽ ደንብ ጀርባ የሰው ልጅ ከሺህ ዓመታት በላይ ሲከራከርበት የኖረ ጥያቄ ተቀምጦ አገኘሁ። ሰው ንብረቱን ከእጁ በጣለ ጊዜ ንብረቱ የእርሱ መሆኑ የሚያበቃው መቼ ነው?

አስቀድሞ ስለ ጨዋታው ጥቂት እንበል። በጠፈር ላይ መነገድ በኮምፒውተር ጨዋታ ዘንድ አዲስ ነገር አይደለም። ዴቪድ ብሬበንና ኢያን ቤል የተባሉ ሁለት የካምብሪጅ ተማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1984 «ኤሊት» የተባለ ጨዋታ አውጥተው ነበር። በዚያ ጨዋታ የተመታች መርከብ ጭነቷን በጠፈር ላይ ትበትናለች፤ ተጫዋቹም እየዞረ ይለቅማል። ከሳሽ የለበትም፤ ምክንያቱም በዚያ ሁሉ ጠፈር ውስጥ ሰው እርሱ ብቻ ነው፤ የቀረው ሁሉ ኮምፒውተሩ ነው። ኢቭ ኦንላይን ግን ሌላ ነው። በአይስላንድ ዋና ከተማ በሬይክያቪክ የተቋቋመው ሲ.ሲ.ፒ. የተባለ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጣው ይህ ጨዋታ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች በአንድ ጊዜ በአንድ ዓለም ውስጥ የሚገናኙበት ነው። ማዕድኑን የሚቆፍረው ተጫዋች ነው፤ መርከቡን የሚሠራው ተጫዋች ነው፤ ገበያ ወጥቶ በዋጋ የሚከራከረውም ተጫዋች ነው። እንግዲህ እዚያ ከተጣለ ዕቃ ማዶ ሁልጊዜ ሌላ ሰው አለ ማለት ነው። ሕግ የሚያስፈልገውም ሰው ሁለት ሲሆን ነው።

የኮንቴይነሩ ነገር የመጣው በማዕድን ቆፋሪዎች በኩል ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የቆፋሪዋ መርከብ ሆድ ጠባብ ነበር። ጥቂት እንደ ቆፈረች ትሞላለች፤ ጣቢያ ደርሶ አራግፎ መመለስ ደግሞ ጊዜ ይበላል። ታዲያ ተጫዋቾቹ አንድ ዘዴ ዘየዱ። ዕቃ ለመጣል የተሰጣቸውን ትእዛዝ ዕቃ ለማስቀመጥ አዋሉት። ማዕድኑ ወደ ጠፈር ሲጣል በራሱ ኮንቴይነር ውስጥ ይገባል፤ አንዱ ኮንቴይነር 27,500 ሜትር ኩብ ይይዛል፤ ይህም ከመርከቧ ሆድ በብዙ እጥፍ ይበልጥ ነበር። በኋላ ትልቅ የጭነት መርከብ ያለው ባልንጀራ መጥቶ ያነሣዋል። መጣያው ጎተራ ሆነ ማለት ነው።

ይሁንና ይህ ጎተራ በርም ዘበኛም አልነበረውም፤ ከዚያም በላይ ዕድሜው ተቆርጦለታል። ሰርቨሩ በጠፈር ላይ ያለውን እያንዳንዱን ዕቃ መዝግቦ መያዝ ስላለበት፣ ያ ሁሉ ተጫዋች በየቀኑ የሚጥለው ሁሉ ለዘላለም ቢኖር መዝገቡ በጥራጊ ይጨናነቃል። የተሰባበሩ መርከቦች ፍርስራሽም እንዲሁ ሁለት ሰዓት ቆይቶ ይጠፋል። ስለዚህ ጠንቃቃ ቆፋሪዎች ኮንቴይነሩ የተጣለበትን ሰዓት በስሙ ላይ ይጽፉ ነበር፤ ሊጭን የሚመጣው ባልንጀራ ቀድሞ ከሚጠፋው እንዲጀምር ነው።

ሌባው የመጣው ወዲያው ነው። ማንኛውም መንገደኛ ተጠግቶ ማዕድኑን ማንሣት ይችላል። አንዳንዱ ተንኮለኛ ደግሞ ማዕድኑን ለመውሰድ እንኳ አይቸኩልም። ከቆፋሪው ኮንቴይነር አውጥቶ እዚያው አጠገብ ወደ ጣለው ወደ ራሱ ኮንቴይነር ያዛውረዋል። ቆፋሪው ተናዶ «የገዛ ንብረቴ ነው» ብሎ መልሶ ሲወስድ በደንቡ መሠረት እርሱ ሌባ ሆኖ ይመዘገባል፤ ተንኮለኛውም ያን ጊዜ የጨዋታው ፖሊስ ሳይከለክለው ይተኩስበታል። የተዘረፈው ሰው የዘራፊው ዕዳ ተከፋይ ሆነ። እ.ኤ.አ. ከ2012 መጨረሻ ጀምሮ ደንቡ ጠብቆ፣ ከሰው ኮንቴይነር የወሰደ ተጫዋች ለጊዜው በማንም ሊመታ የሚችል ተጠርጣሪ ሆነ። በዚያው ዓመት የቆፋሪ መርከቦች ሆድ ስለሰፋ ማዕድንን ውጭ ማሳደር ብዙም አላስፈለገም።

ከሁሉ የገረመኝ ግን ቀለሙ ነው። በጨዋታው ስክሪን ላይ የራስ ኮንቴይነር ነጭ፣ የሌላው ሰው ቢጫ ሆኖ ይታያል። ባለቤቱ «ትቼዋለሁ» የሚል ትእዛዝ ከሰጠ ደግሞ ሰማያዊ ይሆናል፤ ሰማያዊውን ያነሣ ሌባ አይባልም። እንግዲህ መጣል አንድ ነገር፣ መተው ሌላ ነገር ሆኖ ተለየ።

ይህን ልዩነት የአይስላንድ ሰዎች አልፈጠሩትም። የቢዛንታይኑ ንጉሠ ነገሥት ዮስጢንያኖስ እ.ኤ.አ. በ533 ባወጣው የሕግ መማሪያ ውስጥ ሁለት አንቀጾች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። የመጀመሪያው ባለቤቱ ከእንግዲህ የእኔ አይሁን ብሎ የጣለው ዕቃ ቀድሞ ላነሣው ሰው እንደሚሆን ይናገራል። ሁለተኛው በማዕበል ጊዜ መርከብ እንዲቀል ወደ ባሕር የተጣለውን ጭነት ይመለከታል፤ ይህ የባለቤቱ እንደሆነ ይቀራል ይላል። ሰውዬው የጣለው ነፍሱንና መርከቡን ለማዳን እንጂ ዕቃውን ጠልቶ አይደለምና፣ ማዕበል የተፋውን ለጥቅሙ ያነሣ ሰው ሌባ ነው። ይህ ዓይነቱ ዕቃ ባለቤቱ ሳያውቅ ከሚሄድ ሠረገላ ላይ ከወደቀ ዕቃ ብዙም እንደማይለይ ይኸው መጽሐፍ ያስረዳል።

በእኛ ቋንቋ ነገሩ ይበልጥ ይጠላለፋል። «ቆሻሻውን ጣልኩ» እንላለን፤ «ገንዘቤን ጣልኩ» ብለንም እናዝናለን። ግሱ አንድ ነው። የመጀመሪያው ተገላግሏል፤ ሁለተኛው ግን እያለቀሰ ይፈልጋል። ልዩነቱ ያለው በጣዩ ልብ ውስጥ ነው፤ ወድቆ ያገኘው ሰው ደግሞ ዕቃውን እንጂ የጣዩን ልብ አያይም። የሕጉ ችግር ሁሉ ከዚህ ይጀምራል።

ሮማውያን ከሮድስ ደሴት ባሕርተኞች ወረስነው የሚሉት ሌላም ደንብ አለ። መርከቡን ለማዳን የአንዱ ነጋዴ ጭነት ከተጣለ፣ ጭነታቸው የተረፈላቸው ሁሉ አዋጥተው ጉዳቱን ይካፈላሉ። የአንዱ ኪሳራ የሁሉ መዳን ሆኗልና። ይህ ደንብ በ1952 ዓ.ም. በታወጀው የኢትዮጵያ የባሕር ሕግ ውስጥም ስፍራ አግኝቷል። ያረጀ ነገር እንዳይመስለን፤ እ.ኤ.አ. በማርች 2021 የስዊዝን ቦይ ለስድስት ቀን የዘጋችው «ኤቨር ጊቭን» ከተነቀለች በኋላ የመርከቡ ባለቤት ይህንኑ የጋራ ኪሳራ ደንብ አውጆ ባለ ጭነቶቹን መዋጮ ጠይቋል።

የእንግሊዝ ሕግ ደግሞ ለዕቃው ቀጠሮ ሰጠው። የባሕር ሕጋቸው ከሰመጠ መርከብ የተንሳፈፈውን፣ መርከብን ለማዳን የተጣለውን፣ ተመልሶ እንዲገኝ በተንሳፋፊ ምልክት ታስሮ የተጣለውን በየስሙ ይለያል። በምልክት የታሰረው ሰዓት ከተጻፈበት የጠፈር ኮንቴይነር ጋር ወንድማማች ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 በወጣው አዋጅ መሠረት እንዲህ ያለ ዕቃ ያገኘ ሰው በ28 ቀን ውስጥ ማሳወቅ አለበት፤ ባለቤቱም ቀርቦ የእኔ ነው ለማለት አንድ ዓመት አለው። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2007 «ኤም.ኤስ.ሲ. ናፖሊ» የተባለችው መርከብ በማዕበል ተጎድታ በብራንስኮም ዳርቻ እንድትቀመጥ ሲደረግ፣ ሕዝቡ እየጎረፈ ከተሰበሩት ኮንቴይነሮች ውስጥ ያገኘውን ተሸክሞ ሄደ። ቢ.ኤም.ደብሊው. ሞተር ሳይክል እየገፋ የሄደም ነበር። ብዙው ሰው «ባሕር የሰጠኝ ነው» ብሎ ነበር፤ ሕጉ ግን የባለቤቱን ስም ገና አልፋቀም ነበር።

እዚህ ላይ ጨዋታውና ባሕሩ ይለያያሉ። በጨዋታው ዕቃው ራሱ ከነባለቤትነቱ ይጠፋል፤ ማንም የሚከራከርበት ነገር አይቀርም። በባሕር ግን ባለቤትነቱ ያልቃል፣ ዕቃው ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ1992 ከ«ኤቨር ሎረል» መርከብ ላይ በሰላማዊ ውቅያኖስ የወደቁት ኮንቴይነሮች 28,800 የልጆች የመታጠቢያ መጫወቻዎችን ይዘው ነበር፤ የፕላስቲክ ዳክዬዎቹ በዚያው ዓመት በአላስካ ዳርቻ መታየት ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ2004 ከ«ሜድ ታይፔ» መርከብ የወደቀ ጎማ የተሞላ ኮንቴይነር በካሊፎርኒያ አጠገብ በ1,280 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ ተገኘ። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ተመልሰው ሲያዩት እዚያው እንደ ቆመ፣ የባሕር እንስሳትም ቤት አድርገውት አገኙት። ለእነዚህ ነገሮች ሁለት ሰዓት ቆጥሮ የሚያጠፋ ሰርቨር የላቸውም።

ነገሩን ባሰላሰልኩ ቁጥር የሚታየኝ ይህ ነው። የጥንቱ ሕግ በአብዛኛው የጠየቀው «ጥቅሙ የማን ነው?» ብሎ ነው፤ ምክንያቱም በዚያ ዘመን ከመርከብ የሚጣለው የወይን ጠጅ ማሰሮና የእህል ጆንያ ነበር፤ የሚበሰብሰው ይበሰብሳል፣ የተረፈውን ሰው ይሻማበታል። ዛሬ ከመርከብ የሚወድቀው ፕላስቲክ፣ ጎማና ኬሚካል ነው። የሚሻማበት የለም፤ ስለዚህ ጥያቄው ተገልብጦ «ሸክሙ የማን ነው?» ሆነ። ጨዋታው ይህን ጥያቄ በሰዓት ቆጣሪ አመለጠው። የእኛ ዓለም እንዲህ ያለ ቆጣሪ የለውም።

መልስ መፈለግ የተጀመረው በቅርቡ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ናይሮቢ ላይ የተፈረመውና እ.ኤ.አ. በ2015 ሥራ ላይ የዋለው ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ ከመርከብ የወደቀ ዕቃ ለሌሎች አደጋ የሚሆን ከሆነ የማንሣቱን ግዴታ በመርከቡ ባለቤት ላይ ያደርጋል። እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ደግሞ ኮንቴይነር የጠፋባት መርከብ አዛዥ ሳይዘገይ እንዲያሳውቅ የሚያስገድድ ደንብ ጸንቷል። ዮስጢንያኖስ ለባለ ንብረቱ «ብትጥለውም ያንተ ነው» ሲለው ማጽናናቱ ነበር። ናይሮቢ ላይ የተባለውም ቃሉ ያው ነው፤ የተነገረው ግን እንደ ዕዳ ነው።