የብሩ መቶኛ

አንድን ቁጥር በ10 ስናባዛ «ዜሮ ጨምርበት» የሚለው ሕግ ከታች ክፍል ጀምሮ አብሮን አድጓል። ነገር ግን 0.25ን በ10 አባዙ በተባልን ቀን ብዙዎቻችን 0.250 ብለን ጻፍን፤ ይኸውም ያው 0.25 ነው እንጂ አልበዛም። ነጥቡን አንድ ቦታ ወደ ቀኝ አሳልፈን 2.5 ማለት ይገባን ነበር፤ በ100 ሲሆን ደግሞ ሁለት ቦታ አሳልፈን 25። ስሕተታችን ይህ አቈጣጠር ወደ አገራችን ገበያ እንዴት እንደ ገባ እንድንጠይቅ አደረገን።

የግዕዝ አኃዝ ዜሮ የለውም። ዐፄ ፋሲል ጎንደርን መናገሻ ያደረጉበት 1628 ዓ.ም. ፲፮፻፳፰ ተብሎ ይጻፋል። ፭ በዐሥር ሲባዛ መልኩ ተለውጦ ፶ ይሆናል፤ በመቶ ሲባዛ ግን ራሱ ሳይለወጥ ፻ ይከተለዋል። እንግዲህ የሚጨመር ዜሮ ስለሌለ እንደ እኛ መሳሳትም የለም!

በጎንደር ገበያ ጠገራ ብር የሚባለው የማሪያ ቴሬዛ ብር በአሞሌ ጨው ይመነዘር ነበር። አሞሌው ጨው ከሚወጣበት አገር በራቀ መጠን ይወደድ ስለ ነበር ምንዛሪው አንድ አልነበረም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. በስማቸው ያሠሩት ብር በአላድ፣ በሩብ፣ በተሙንና በግርሽ ተከፈለ። ግርሹ መጀመሪያ ከብር 20ኛው፣ ኋላም 16ኛው እጅ ነበረ። በ16ኛው ስናስበው፣ ሰባት ግርሽ የሚያወጣ ዕቃ ዐሥር ቢገዛ 70 ግርሽ ይሆናል፤ ይኸውም 4 ብር ከ6 ግርሽ ነው። ይህን በቃሉ የሚያወጣ ነጋዴ በሒሳብ ከእኛ ይበልጥ ነበር ብንል ማጋነን አይመስለንም።

በ1923 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ብሩ ለ100 ተከፈለ። የአዲሱም ሳንቲም ስም «መቶኛ» ተባለ፤ ክፍልፋዩ ራሱ ስም ሆነ ማለት ነው። ባለ 1ና ባለ 5 መቶኛው ከመዳብ፣ ባለ 10፣ ባለ 25ና ባለ 50ው ከኒኬል ተሠራ። ከዚህ በኋላ የ7 መቶኛ ዕቃ 0.07 ብር ነው፤ ዐሥር ሲገዛ 0.70፣ መቶ ሲገዛ 7 ብር። ማካፈል ቀረ፤ የሚንቀሳቀሰው ነጥቡ ብቻ ነው።

ወዲያው የጣልያን ወረራ ደረሰ፤ ጎንደርም እስከ ኅዳር 1934 ዓ.ም. በጠላት እጅ ቆየች። በሐምሌ 1937 ዓ.ም. አዲስ ገንዘብ ሲወጣ ብሩ እንደ ገና ለ100 ተከፈለ፤ መቶኛው ግን ስሙን ለሳንቲም ለቀቀ።

የገበያው አፍ ግን በግማሽና በሩብ መቍጠሩን አልተወም። 50ውን ሳንቲም ሽልንግ፣ 25ቱን ስሙኒ አለው፤ አራት ስሙኒ አንድ ብር መሆኑን ለማወቅ ነጥብ ያሳለፈ ሻጭ የለም።